ደማቅ ተወርዋሪ ኮከብ አይቶ ስለማሳወቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሌሊት ሰማይ ላይ ድንገት ደማቅ ብርሃን ሲወረወር ያዩ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ያየሁት ብርሃን ምንድን ነው? በእርግጥ ኮከብ ወደቀ ማለት ነው?

የወደቀ ኮከብ የለም። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ከሕዋ የመጣ ቅንጣት፣ ጠጠር ወይም አለት በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ ምድር ከባቢ አየር ሲገባ የሚፈጠረውን ብርሃን ነው። አለቱ ከፊቱ ያለውን አየር በኃይል ስለሚጨምቀው አየሩም የራሱ የአለቱ ገጽም እጅግ ይግላሉ፤ ለዓይናችን የሚደርሰውም ከዚሁ ከጋለው ጋዝ የሚወጣው ብርሃን ነው። ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ መታየት የሚጀምረው ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ይህም አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ብርሃኑ ቬነስን፣ ማለትም አጥቢያ ኮከብ እያልን የምንጠራትን ፕላኔት፣ በድምቀት የሚበልጥ ሲሆን የእሳት ኳስ ይባላል። በመጨረሻው ላይ በኃይል ፈንድቶ የሚበታተነውን ደግሞ ባለሙያዎች ቦላይድ ይሉታል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ መሬት የሚደርስ ስባሪ ካለ ስሙ ሜትዮራይት ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ተወርዋሪ ኮከቦች እዚያው ሰማይ ላይ ተነው የሚያልቁ በመሆናቸው መሬት ላይ የሚተዉት ነገር የለም።

አውሮፕላን ወይም ሳተላይት አለመሆኑን በምን እለያለሁ?

ከሁሉ የተሻለው መለያ የቆይታው ጊዜ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ ከአንድ ሰከንድ በታች ቆይቶ ይጠፋል፤ ትልቅ የእሳት ኳስም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች አያልፍም። አውሮፕላን ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች አሉት፣ ለደቂቃዎችም ይታያል። ሳተላይት በአንድ ዓይነት ድምቀት፣ ሳይቸኩል፣ ሰማዩን ለማቋረጥ ደቂቃዎች ይወስዳል። በአንድ መስመር ተሰልፈው የሚሄዱ ብዙ ነጠብጣብ ብርሃኖች ከታዩ በቅርቡ የተወነጨፉ ስታርሊንክ የተባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነዚህ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላና ከመውጣቷ በፊት ባሉት ሰዓታት ይታያሉ።

አስቸጋሪው ከምሕዋሩ ወርዶ የሚቃጠል የሮኬት ወይም የሳተላይት አካል ነው። ይህ በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት፣ ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ ሊባል በሚችል አቅጣጫ ስለሚገባ፣ ዝግ ብሎ፣ ጭራውን እየጎተተ፣ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ እየተከፋፈለ ለአንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ብርሃኑ «ስልኬን አውጥቼ፣ ካሜራውን ከፍቼ ለመቅረጽ ጊዜ አገኘሁ» የሚያሰኝ ከሆነ የሕዋ ፍርስራሽ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

የእሳት ኳስ በየትኛው ወቅት ይበዛል?

ደማቅ የእሳት ኳሶች በዓመቱ በማንኛውም ሌሊት ይታያሉ። በዓለም ዙሪያ በየቀኑ ብዙዎች ይከሰታሉ፤ ሆኖም አብዛኞቹ ሰው በማይኖርበት ውቅያኖስና በረሃ ላይ፣ ወይም በቀን ብርሃን፣ ወይም ከደመና በላይ ስለሚያልፉ ምስክር የላቸውም። አስበው ሰማይ ለመመልከት ለሚሹ በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚመቸው የጄሚኒድ ዝናብ፣ ማለትም በየዓመቱ በተወሰኑ ሌሊቶች የሚበዙት ተወርዋሪ ኮከቦች፣ ሲሆን፣ የሚበረታውም ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ፣ ሰማዩ በበጋው ጥርት በሚልበት ጊዜ ነው። ስመ ጥሩ የፐርሲድ ዝናብ በነሐሴ መጀመሪያ ስለሚውል በአብዛኛው የአገራችን ክፍል በክረምቱ ደመና ይሸፈናል።

የእሳት ኳስ አደጋ ያደርሳል? ባየሁበት ቅጽበት ምን ላድርግ?

እጅግ በአብዛኛው ምንም ጉዳት አያደርስም። ሆኖም አንድ የጥንቃቄ ነጥብ አለ፤ እሱም ከመስኮት መራቅ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ጠዋት በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ከተማ ላይ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አለት በ30 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ሲፈነዳ፣ ብርሃኑ ሕዝቡን ወደ መስኮት ሳበው። የፍንዳታው ሞገድ ግን የደረሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነበርና የመስኮቱ ብርጭቆ ሲረግፍ ሰዎች ከኋላው ቆመው ይመለከቱ ነበር። ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው ሕክምና ፈልጎ የነበረ ሲሆን፣ የአብዛኛው ጉዳት የብርጭቆ ስባሪ ያደረሰው ነው። በዚያች ከተማ አንዲት መምህርት ብርሃኑን እንዳየች 44 ተማሪዎቿን ከጠረጴዛ ሥር እንዲገቡ በማዘዟ ሕፃናቱ ሲተርፉ እሷ ራሷ ግን በብርጭቆ ቆስላለች።

ስለዚህ ሌሊቱን እንደ ቀን የሚያበራ ብርሃን ካዩ፣ ቤት ውስጥ ከሆኑ ከመስታወት ይራቁ፤ ደጅ ከሆኑ ባሉበት ይቁሙ። ከቆሙበት አለመንቀሳቀስዎ ቆይቶ ለሚሰጡት ምስክርነትም ትልቅ ዋጋ አለው።

ድምፅ ይሰማል ወይ? እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ጎረቤቴ ግን ሰምቻለሁ ይላል።

ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። አለቱ በ40 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በትክክል ከአናትዎ በላይ ቢፈነዳ እንኳ ድምፁ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ ራቅ ካለ ደግሞ አምስት ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው ብርሃኑ እንደጠፋ ወደ ቤቱ ስለሚገባ፣ ወይም በደስታና በድንጋጤ መነጋገር ስለሚጀምር፣ ነጎድጓድ የሚመስለው ድምፅ ሳይሰማው ያልፋል።

ብርሃኑ በጠፋበት ቅጽበት የስልክዎን የሰዓት መቁጠሪያ ያስጀምሩ፣ በዙሪያዎ ያሉትን ዝም ያሰኙ፣ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ያዳምጡ። በብርሃኑና በድምፁ መካከል ያለፈው ጊዜ ርቀቱን ለማስላት የሚያግዝ ሲሆን፣ ከፍተኛ ድምፅ መሰማቱ ራሱ አለቱ ወደ ታችኛው ከባቢ አየር ዘልቆ መግባቱን ያመለክታል። አንዳንዶች ከብርሃኑ ጋር በአንድ ጊዜ እንደ መንጫጫት ወይም እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ እንደሰሙ ይናገራሉ። ይህ ከተለመደው የድምፅ ፍጥነት ጋር ባይጣጣምም ለረጅም ዘመን ሲዘገብ የኖረ ክስተት ስለሆነ፣ ሰምተው ከሆነ «የማይመስል ነገር ነው» ብለው ሳይተዉት ከዘገየው ድምፅ ለይተው ይጻፉት።

ሳይንቲስቶች መሣሪያ እያላቸው የእኔ ምስክርነት ምን ይጠቅማል?

ካሜራ ሁሉም ቦታ የለም። ለዚህ ከጎረቤታችን ከሱዳን የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2008 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ አሪዞና የሚገኘው የካታሊና የሰማይ ቅኝት አራት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የጠፈር አለት፣ ወደ ምድር ሲመጣ አገኘ፤ 2008 ቲሲ3 የሚል ስምም ተሰጠው። አንድ አስትሮይድ ምድርን ከመምታቱ በፊት ሲታወቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከተገኘ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ኦክቶበር 7 ንጋት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ በኑቢያ በረሃ ሰማይ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ፈነዳ። አስቀድሞ መልእክት የደረሰው የአንድ አውሮፕላን አብራሪ 1,400 ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ ብልጭታውን አይቷል።

ሳተላይቶች ፍንዳታውን ቢመዘግቡም መሬት ላይ ምን እንደደረሰ ለማወቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓዊያ ሻዳድና የተወርዋሪ ኮከብ ተመራማሪው ፒተር ጄኒስከንስ ከዋዲ ሐልፋ ጀምሮ በባቡር መስመሩ ላይ ያሉ ነዋሪዎችን እያነጋገሩ፣ ብርሃኑን ከየትኛው አቅጣጫ እንዳዩት እየጠየቁ፣ ከዚያም ተማሪዎችን በበረሃው ላይ በሰልፍ አሰማርተው ፈለጉ። በአጠቃላይ 600 ያህል ስባሪዎች ተገኙ፤ ጠቅላላ ክብደታቸውም 10 ኪሎ ግራም ተኩል ገደማ ነው። ሜትዮራይቱ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ምስክሮቹ በነበሩባት በስድስተኛዋ የባቡር ጣቢያ ስም፣ አልማሐታ ሲታ ተብሎ ነው። ብርሃኑን በዓይናቸው ያዩ ተራ ነዋሪዎች የሰጡት ቃል በቴሌስኮፕ ከተገኘው ስሌት ጋር ተደምሮ ያገለገለበት ታሪክ ነውና፣ «የእኔ ማየት ምን ይሠራል» ለሚል ሰው ሁሉ ሊነገረው ይገባል።

የት ነው የማሳውቀው?

ከየትኛውም አገር ሊሞላ የሚችለው ቅጽ የዓለም አቀፉ የሜትዮር (የተወርዋሪ ኮከብ) ድርጅት ቅጽ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተ ሲሆን፣ ቅጹን የሚጠቀመው ከአሜሪካ የሜትዮር ማኅበር ጋር በጋራ ነው፤ በብዙ ቋንቋዎች የቀረበ፣ ክፍያ የማይጠየቅበትና የሥነ ፈለክ ዕውቀት የማይሻ ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ በቀጥታ በማኅበሩ በኩል፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የምትኖሩ ደግሞ በአቡ ዳቢ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ማዕከል ማሳወቅ ትችላላችሁ፤ ማዕከሉ የራሱ የተወርዋሪ ኮከብ መከታተያ ካሜራዎች አሉት።

በኢትዮጵያ ውስጥ ያዩትን ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትና ለኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም ቢያሳውቁ ጠቃሚ ነው። ወድቆ የተገኘ ነገር ካለ ግን አስቀድሞ መነገር ያለበት ለአካባቢው አስተዳደርና ለፖሊስ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ብቻውን ማሳወቅ አይደለም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ልጥፉ በሌሎች ሺህ ልጥፎች ሥር ይቀበራልና መረጃውን የሚፈልገው ሰው አያገኘውም።

ምን ምን መጻፍ አለብኝ? አቅጣጫና ዲግሪ መለካት አላውቅም።

በጣም ተፈላጊዎቹ ሦስት ናቸው፦ የት ቆመው እንዳዩ፣ በስንት ሰዓት እንዳዩ፣ ብርሃኑ በሰማይ ላይ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ። ቀለሙ፣ ድምቀቱ፣ መበታተኑና ጭራው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ብዙ ሰው ስለ ውበቱና ስለ ድንጋጤው በዝርዝር ጽፎ አቅጣጫውን «ወደ ታች ወረደ» ብሎ ያልፈዋል፤ ለስሌት የሚሆነው ግን ያ ያለፈው ነገር ነው።

አቅጣጫውን ለማስቀረት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ብርሃኑን መሬት ላይ ካለ ቋሚ ነገር ጋር ማያያዝ ነው። «ከመብራት ምሰሶው በስተግራ ታየ፣ ከጎረቤት ጣራ ጥግ በላይ ጠፋ» ብለው ወዲያው ይጻፉ ወይም በእጅዎ ይሳሉ። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቦታ፣ በዚያው አቋቋም ተመልሰው ቆመው የስልክዎን ኮምፓስ ወደ ምሰሶውና ወደ ጣራው ጥግ አዙረው ቁጥሩን ያንብቡ፤ ሰሜን 0፣ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ነው። ስልኩን ከመኪናና ከብረት አጥር ራቅ ያድርጉት፣ ኮምፓሱን ያዛባዋል። የስልክ ኮምፓስ ከሌለም ችግር የለም፤ ኦርቶዶክሳዊ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚሰግድም ቂብላው ወደ ሰሜን ነው።

ከፍታውን በእጅ መለካት ይቻላል። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ጡጫዎን ሲጨብጡ ስፋቱ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ከአድማስ ጀምረው ጡጫ በጡጫ ላይ እየደረቡ ብርሃኑ እስከ ጠፋበት ነጥብ ይቁጠሩ፤ ሦስት ጡጫ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው፣ ከአናት በላይ ያለው ነጥብ ደግሞ 90። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሰው ሁሉ ዝቅ ያለውን ከፍታ አጋንኖ የማየት ዝንባሌ አለው፤ በዓይን ግምት «45 ዲግሪ» የተባለው ሲለካ 30 ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከግምት ይልቅ ጡጫዎን ይመኑ።

ለድምቀቱ ማወዳደሪያ ይጥቀሱ፤ ከአጥቢያ ኮከብ ይበልጣል ወይ፣ ሙሉ ጨረቃን ያህላል ወይ፣ በመሬት ላይ የዛፍና የአጥር ጥላ ጥሏል ወይ። ጥላ መጣሉን ያስተዋለ ሰው ስለ ድምቀቱ ከብዙ ቅጽል የሚበልጥ መረጃ ሰጥቷል።

ሰዓቱንና ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የማውቀው፤ እንዴት ልጻፈው?

ከአገራችን የሚላክ ምስክርነት ከሌሎች ጋር ሳይገናኝ ከሚቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ ያንብቡት። ቅጾቹ የሚሠሩት በአውሮፓውያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ለምሽትና እስከ እኩለ ሌሊት ላለው ጊዜ በእኛ ሰዓት ላይ 18 ይደምሩ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት 21፡00 ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላለው ደግሞ 6 ይቀንሱ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 2፡00 ይሆናል። ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዩቲሲ የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት በዩቲሲ 18፡00 ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። በእኛ ልማድ ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ የዋለው ቀን ሌሊት ተደርጎ ይቆጠራል፤ በአውሮፓውያን ግን ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ 6 ሰዓት ላይ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም ውሎ ከመሸ በኋላ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የእሳት ኳስ አዩ እንበል። በአካባቢ ሰዓት ይህ ዲሴምበር 15 ቀን 2025፣ 2፡00 ሰዓት ነው፤ በዩቲሲ ሲጻፍ ግን ገና ዲሴምበር 14፣ 23፡00 ነው። ቅጹ የአካባቢ ሰዓት ይጠይቅ ወይስ ዩቲሲ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ግራ ከገባዎት በማስታወሻው ቦታ ላይ ሁለቱንም ይጻፉ።

ሰዓቱን የግድግዳ ሰዓት አይተው አይገምቱ። የስልክ ሰዓት ከአውታረ መረብ ስለሚስተካከል የተሻለ ነው። ወዲያው ለወዳጅ ደውለው ወይም መልእክት ልከው ከሆነ፣ የጥሪው ወይም የመልእክቱ ሰዓት በስልክዎ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ትክክለኛውን ደቂቃ ለማግኘት እሱን ይመልከቱ።

ቪዲዮ አለኝ፤ ወይም የግቢያችን ካሜራ ሳይቀርጸው አልቀረም። ምን ላድርግ?

ኦሪጅናሉን ፋይል አይንኩት። አይቁረጡት፣ ሙዚቃ አይጨምሩበት፣ ጽሑፍ አይለጥፉበት። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ጥራቱ ስለሚቀንስና ከፋይሉ ጋር ያለው የሰዓትና የቦታ መረጃ ሊጠፋ ስለሚችል፣ እንደ ፋይል አድርገው ይላኩት። የግቢ፣ የሱቅና የነዳጅ ማደያ ካሜራዎች አሮጌውን ቀረጻ በአዲስ ስለሚተኩ በማግስቱ ሳይሆን የዚያኑ ዕለት እንዲቀመጥ ይጠይቁ። የካሜራው ሰዓት ከስልክ ሰዓት ጋር ምን ያህል እንደሚለያይም መዝግበው ይያዙ፤ አብዛኞቹ ካሜራዎች በደቂቃዎች የተዛቡ ናቸው።

ካሜራው ብርሃኑን በቀጥታ ባይቀርጸውም በግድግዳ ላይ የተንቀሳቀሰውን ጥላ ቀርጾ ከሆነ ጥላው ራሱ አቅጣጫ ያሳያል። በቼልያቢንስክ የአለቱ መንገድ የተሰላው በአመዛኙ ከመኪናና ከሕንፃ የጥበቃ ካሜራዎች ነበር፤ በጥላ የተሠራ ስሌትም ነበረበት።

በዓይኔ ከተራራው ጀርባ ሲወድቅ አይቻለሁ። ሄጄ ልፈልገው?

ይህ ከሁሉም የሚበዛው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙዎችን ቅር ያሰኛል። በሌሊት ሰማይ ላይ ርቀትን የሚያሳውቅ ምልክት ለዓይናችን ስለሌለ፣ እጅግ የደመቀው ሁሉ ቅርብ ይመስለናል። በ40 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የጠፋ የእሳት ኳስ ከአድማስ 5 ዲግሪ፣ ማለትም ግማሽ ጡጫ ብቻ ከፍ ብሎ ከታየ፣ ከተመልካቹ ያለው ርቀት ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በአየር ያለውን ርቀት ያህል ነው። አዲስ አበባ ሆኖ «ከየካ ተራራ ጀርባ ወደቀ» የሚለው ሰውና ድሬዳዋ ሆኖ «ከአናቴ በላይ ፈነዳ» የሚለው ሰው የሚናገሩት ስለ አንድ አለት ሊሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ፣ ስባሪ የሚተርፈው አለት እንኳ ብርሃኑን ይዞ መሬት አይደርስም። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፍጥነቱ በአየሩ ስለሚገታ ብርሃኑ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ለደቂቃዎች በጨለማ፣ በነፋስ እየተገፋ ይወርዳል። ስለዚህ ብርሃኑ እስከ መሬት ሲደርስ የታየው ሁሉ በእውነቱ ከአድማስ በታች የተሰወረ ነው። የወደቀበትን ቦታ መለየት የሚቻለው በአሥርና በመቶ ኪሎ ሜትሮች ከተራራቁ ሥፍራዎች የተሰበሰቡ አቅጣጫዎች የሚገናኙበትን ነጥብ በማስላት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን፣ ዓይኑ የቱንም ያህል ስል ቢሆን፣ ይህን ማድረግ አይችልም።

በማግስቱ እንግዳ ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ። ከሰማይ የወረደ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

በኢትዮጵያ የሜትዮራይት መውደቅ ተመዝግቦ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ሆለታ፣ በ1981 ደግሞ ጉርሱም የወደቁት በየአካባቢዎቹ ስም በዓለም አቀፉ መዝገብ ሰፍረዋል። ይሁን እንጂ አገራችን የእሳተ ገሞራ አገር መሆኗን አይርሱ፤ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ በየማሳው አለ።

አዲስ የወደቀ ሜትዮራይት ውጪው ቀልጦ የደረቀ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይለብሳል፤ ቅርፊቱ ከተላጠበት ቦታ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ጠርዞቹ የተድበለበሉ ናቸው፤ በገጹ ላይ በጣት የተጫኑ የሚመስሉ ጎድጓዳ ምልክቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ድንጋዩ እንደ ቀይ አሸዋ ወይም እንደ ሌላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ከሆነ ሜትዮራይት አይደለም ማለት ይቻላል። በማግኔት የመፈተን ልማድ ግን ሁለት ጉድለት አለበት፦ የእኛ ባዛልት ራሱ በውስጡ ባለው ማዕድን ምክንያት ማግኔት ሊስብ ይችላል፤ እውነተኛ ሜትዮራይት ከሆነ ደግሞ ጠንካራ ማግኔት በውስጡ ተጠብቆ የቆየውን ጥንታዊ የመግነጢስ አሻራ ያጠፋዋል። ስለዚህ ማግኔቱን ይተዉት።

ሳያነሱት በፊት ከአጠገቡ ሳንቲም አኑረው ፎቶ ያንሱ፣ ቦታውን በስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፣ ከዚያም በባዶ እጅ ሳይሆን በንጹሕ ፌስታል ወይም በፎይል ይያዙት። አይጠቡት፣ አይስበሩት፣ ዘይት አይቀቡት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2021 በእንግሊዝ ዊንችኮም ከተማ በአንድ ቤት ደጃፍ የወደቀው ሜትዮራይት ለምርምር እጅግ ውድ ሊሆን የቻለው ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በሰዓታት ውስጥ፣ ዝናብ ሳያገኘው፣ በጥንቃቄ ስለተሰበሰበ ነው። አዲስ የወደቀ ሜትዮራይት የሚያቃጥል ትኩሳት አይኖረውም፤ ሣርና ጎጆ አቃጠለ የሚባልበት ወሬ ሲሰማ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይሻላል።

የተገኘው ነገር ድንጋይ ሳይሆን ብረት ወይም ሰው የሠራው ቢመስልስ?

አይንኩት፤ ሰውና ከብት እንዳይጠጋው አድርገው ለፖሊስ ያሳውቁ። የሮኬት አካል መርዛማ የነዳጅ ቅሪት ሊኖርበት ይችላል። ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ደግሞ ያልፈነዳ መሣሪያ የመሆን ዕድሉ ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ነውና፣ «ከሰማይ የወረደ ነው» ብሎ ወደ ቤት መውሰድ ሕይወት ያስከፍላል። ሕፃናትን በተለይ ያስጠንቅቁ።

የሕዋ ፍርስራሽ በአካባቢያችን የሚሆን ነገር አይደለም የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2024 በኬንያ ማኩዌኒ ክልል ሙኩኩ በተባለች መንደር 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ወድቋል። ከዚያ በቀናት ልዩነት፣ በጥር 2017 ዓ.ም መጀመሪያ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ምሽት የታዩት ብርሃናማ ነገሮች ሕዝቡን ሲያነጋግሩ፣ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የሕዋ ፍርስራሽ ወይም የጠፈር አለት ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጾ ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ የመሬት መንቀጥቀጡ ሰውን ባሳሰበበት ሰሞን ስለሆነ ሁለቱን ያያያዙ ብዙዎች ነበሩ። መንቀጥቀጡ የሚመነጨው ከመሬት ሥር፣ ከስምጥ ሸለቆው መከፈት ነው፤ በከፍተኛ ሰማይ ላይ ተቃጥሎ ከሚያልቅ ቁስ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም።

የእኔ ምስክርነት ከሌሎች ሰዎች ጋር ካልተስማማ ላስተካክለው?

አያስተካክሉ። በተለያየ ቦታ የቆሙ ሰዎች አቅጣጫውን በተለያየ መንገድ ማየታቸው የሚጠበቅ፣ እንዲያውም የሚፈለግ ነው፤ የአለቱ ከፍታና መንገድ የሚሰላው ከዚሁ ልዩነት ነው። ከጎንዎ ቆሞ የነበረ ሰው እንኳ «ከግራ ወደ ቀኝ» ያሉትን «ከቀኝ ወደ ግራ» ሊል ይችላል። ሁለታችሁም ተነጋግራችሁ ከመስማማታችሁ በፊት ለየብቻ ጻፉ፤ ከሌላ ሰው ወይም ከማኅበራዊ ሚዲያ የሰሙት ነገር ሳያውቁት ከራስዎ ትዝታ ጋር ይቀላቀላል። ያላዩትን ወይም ያልተረጋገጡበትን ጥያቄ «አላስታውስም» ብሎ መተው ከመገመት ይሻላል።

ቀናት ካለፉ በኋላም ቢሆን መላክ ይቻላል፤ ሲያዩት የት እንደቆሙና ከየትኛው ነገር በላይ እንደጠፋ ካስታወሱ አቅጣጫው አሁንም ሊለካ ይችላል። ከአንድ ሰው ብቻ የመጣ ምስክርነትም አይጣልም፤ በተመሳሳይ ሰዓት ከሌላ አካባቢ፣ ምናልባትም ከጎረቤት አገር፣ ሁለተኛ ሲመጣ ከእሱ ጋር ተገናኝቶ አንድ ክስተት ሆኖ ይመዘገባል። ለዚህም ነው ሰዓቱና ቀኑ በትክክል መጻፍ ያለበት።